አባዬ ሙስበሃዋን ያወረደ ጊዜ

ኤፕሪል 2025 ላይ ፕራይም ቪዲዮ አንድ የካርቱን ኮሜዲ ለቀቀ። ስሙ «ነምበር ዋን ሃፒ ፋሚሊ ዩኤስኤ» ነው። 8 ክፍሉን በሁለት ሌሊት ጨረስኩት። ሰሞኑን ደግሞ እንደ አዲስ እያየሁት ነው።

የሠሩት ራሚ ዩሱፍና ፓም ብሬዲ ናቸው። ታሪኩ ኒው ጀርሲ ስለሚኖር አንድ ከግብፅ የመጣ ሙስሊም ቤተሰብ ነው። የሚጀምረው ሴፕቴምበር 10 ቀን 2001 ነው፤ የሴፕቴምበር 11 ጥቃት ሊደርስ አንድ ቀን ሲቀረው። አባትየው ሐኪም ነበር፣ አሁን በጋሪ ሐላል ምግብ ይሸጣል። ልጁ ሩሚ 12 ዓመቱ ነው። እኔም ያኔ 12 ዓመቴ ነበር።

እውነቱን ለመናገር ብልግናው ይበዛብኛል። ግን አንድ ነገር ይዞኝ ቀረ። ቤተሰቡ ከቤት ሲወጣ ልብሱም አነጋገሩም ይቀየራል። እዚያ ጋ ስደርስ አቆምኩት። ያንን በር አውቀዋለሁ።

እኛ የነበርነው ቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ ነው። ከደሴ ከመጣን ሁለት ዓመት አልሞላንም። ደሴ የሒሳብ መምህር የነበረው አባዬ ታክሲ ይነዳል። ተሳፋሪ የሚጭነው ከናሽናል ኤርፖርት ነው፤ በጥቃቱ የተመታው የአሜሪካ መከላከያ ሕንፃ፣ ፔንታጎን፣ እዚያው አጠገብ ነው። የዚያን ቀን ጭሱን በዓይኑ አይቶ ነው ቤት የገባው። ኤርፖርቱ እስከ ኦክቶበር 4 ተዘጋ። የቤት ኪራይ ግን አይጠብቅም። ስለዚህ ከተማ ውስጥ እየዞረ ተሳፋሪ ይፈልግ ጀመር።

ታክሲው ውስጥ ፎቶውና ስሙ ያለበት ፈቃድ ተለጥፏል። ሙሐመድ ይላል። አንድ ማታ አንዲት ሴትዮ ገብታ ከተቀመጠች በኋላ ስሙን አነበበች። ምንም ሳትናገር በሩን ከፍታ ወረደች። ለእማዬ ሲነግራት ተኝቼ መስሎታል።

በማግስቱ መስታወቱ ላይ የምትንጠለጠለውን ሙስበሃ፣ የጸሎት መቁጠሪያውን፣ አወረዳት። አያቴ ከሐጅ ያመጡለት ናት። ቡናማ ናት፣ 33 ፍሬ። ክሯ አንድ ቦታ ላይ ተበጥሶ እማዬ በነጭ ክር ቋጥራዋለች። በመሐረብ ጠቅልሎ መሳቢያ ውስጥ ከተታት። በቦታዋ ከነዳጅ ማደያ የገዛትን ትንሽዬ የአሜሪካ ባንዲራ ሰቀለ። እማዬም ሒጃቧን ትታ ሻሽ ወደ ኋላ ማሰር ጀመረች።

ፍርሃታቸው ከመሬት የተነሣ አልነበረም። የአሜሪካ ፌዴራል ፖሊስ ኤፍቢአይ በሙስሊሞች ላይ የተፈጸመ ብሎ የመዘገበው የጥላቻ ወንጀል በ2000 ዓመቱን ሙሉ 28 ነበር። በ2001 ግን 481 ደረሰ።

ካርቱኑ ውስጥ ያሉት ሰዎች የትም መደበቅ አይችሉም። እኛ ግን እንችል ነበር። «ከኢትዮጵያ ነን» ስንል ሰው ክርስቲያን እንመስለዋለን። እኛም ዝም እንላለን። ትምህርት ቤት ምሳ ላይ አንድ ልጅ መጥቶ «አንቺም ከነሱ ነሽ?» አለኝ። «አይ፣ ኢትዮጵያዊ ነኝ» አልኩት። ከዚያ አጠገቤ ወደተቀመጠችው ፓኪስታናዊት ጓደኛዬ ዞረ። እሷ እንደኔ የምትለው ነገር አልነበራትም። እኔ ቀና ሳልል ምሳዬን በላሁ። ሃያ ምናምን ዓመት አልፎም ያ ምሳ አልወረደልኝም። ይቅርታም አልጠየቅኳትም።

ባለፈው እሑድ አባዬ ጋ ሄድኩ። አሁን ጡረታ ወጥቷል። ቡና እየጠጣን ስለ ካርቱኑ ነገርኩት። ብልግናውን ስለማውቅ ድምፁን አጥፍቼ ከበሩ ሲወጡ ያለውን ብቻ አሳየሁት። መነጽሩን አድርጎ ወደ ቴሌቪዥኑ ተጠጋ። ብዙ ጊዜ ምንም አላለም።

«ጋሪ ያለው ሰውዬ ምን ነበር አልሽኝ?»

«ሐኪም ነበር አባ።»

«ወይኔ!» አለ። ሲኒውን አስቀመጠ።

ያኔ ስለዚያች ሴትዮ ለእማዬ ሲነግራት ከኮሪደር ሆኜ እንደሰማሁ ነገርኩት። ለመጀመሪያ ጊዜ ነው የነገርኩት። ትክ ብሎ አየኝ።

«ሰምተሽ ነበር?»

«ሰምቻለሁ።»

«ልጅ እኮ ነበርሽ» አለና እጄን ያዘኝ። «አብሽሪ። በይ ከመጀመሪያው ጀምሪው። ድምፁንም ክፈቺው።»

ከፈትኩት። ብልግናው ሲመጣ እንዳዘልለው ሪሞቱን ይዤ አጠገቡ ተቀመጥኩ።