ቁንዱዶ ላይ የጠራሁት ስም

ድሬዳዋ ተወልዶ ያደገ ሰው ጃኬት አያውቅም። ቅዱስ ገብርኤል ያደረገልኝን ለመመስከር መጀመር ያለብኝም ከዚሁ ነው። አምና ኅዳር ላይ ጓደኞቼ "ቁንዱዶ ተራራ ወጥተን አድረን እንመለስ" ሲሉኝ የያዝኩት አንድ ሹራብና ነጠላ ነበር። ነጠላ! ከተማችን ከባሕር ወለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ናት። ቁንዱዶ ወደ 3,000 ይጠጋል። ይህን ያነበብኩት ግን ከወረድኩ በኋላ ነው።

አሥራ አንድ ነበርን። በጠዋት ደንገጎን ወጥተን፣ ሐረርን አልፈን ጉርሱም፣ ፉኛን ቢራ ገባን። ከዚያ በእግር ነው። የአወጣጡን ነገር ተዉት። ጫፉ ላይ ሲደርሱ ግን ተራራው ሜዳ ነው፤ ሣር የለበሰ ሰፊ ሜዳ፣ ዳር ዳሩ ገደል። ባለቤት የሌላቸው ፈረሶች ይኖሩበታል። ከግራኝ ዘመን ጦርነት የቀሩ ናቸው የሚሉም አሉ። እኛ በሩቁ አራት አየን።

ያደርነው ከብት የሚጠብቁ አንድ ሽማግሌ ጎጆ ውስጥ ነው። አባባ የሚናገሩት ኦሮምኛ ብቻ ነው። የእኔ ኦሮምኛ ደግሞ የገበያ ነው፤ ከዋጋ ክርክር አያልፍም። እሳቱን ከበን፣ ተሳስቀን፣ ተደራርበን ተኛን።

ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሽንቴ መጣ። ሰው መቀስቀስ አፈርኩና ብቻዬን ወጣሁ። ሰማዩ ጥርት ያለ ነበር። ራቅ ብዬ ሄድኩ፣ ጨረስኩ፣ ዞር ስል ጎጆው የለም። ጉም እንዲያ በአንዴ ሲወርድ አይቼ አላውቅም። የስልኬን መብራት ሳበራው ባሰብኝ፤ ከፊቴ ነጭ ግድግዳ ብቻ። ተጣራሁ። ነፋሱ ድምፄን ወሰደው። ጥቂት እንደተራመድኩ ከእግሬ ስር አንድ ድንጋይ ተንከባለለ። ሲወድቅ አልሰማሁትም።

እዚያው ቁጭ አልኩ። ስልኬም ጠፋ፤ ቀኑን ሙሉ ቪዲዮ ስቀርጽበት ነበር የዋልኩት። ጥርሴ እየተንገጫገጨ "ገብርኤል ሆይ፣ ሦስቱን ሕፃናት ከእሳት አውጥተሃል፤ እኔን ደግሞ ከብርድ አውጣኝ" አልኩ። አሁን ሳስበው ያስቀኛል። ያኔ አልሳቅሁም። ካተረፍከኝ ቁልቢ በእግሬ መጥቼ ጃንጥላ አስገባለሁ ብዬ ተሳልኩ። ከዚያ ወዲያ ቃል አልነበረኝም። ስሙን ብቻ ደጋግሜ ጠራሁ። እንቅልፍ ሲጫነኝ ፈራሁ፤ በብርድ የሚሞት ሰው መጀመሪያ እንቅልፍ ይወስደዋል ሲባል ሰምቻለሁ።

ስንት ሰዓት እንደቆየሁ አላውቅም። ድንገት ከኋላዬ "አላሁ አክበር" የሚል የሽማግሌ ድምፅ ሰማሁ። አባባ ለሱብሂ ሶላት ተነሥተው አዛን እያሉ ነው። እኔ ጎጆው ከፊት ለፊቴ ነው ብዬ ነበርኮ! በእጄም በጉልበቴም እየዳህኩ ድምፁን ተከተልኩ። አዛኑ ሲያልቅ እኔም ቆምኩ፤ ግን ከእንጨቱ አጥር ጋር ደርሼ ነበር።

ሲነጋ ጉሙ ተገፈፈና የተቀመጥኩበትን ሄደን አየን። ከገደሉ ሦስት እርምጃ ቢሆን ነው። አንዷ ጓደኛዬ "አቦ፣ ወላሂ አንቺ ሰው አይደለሽም!" ብላ ተቆጣችኝ፣ ከዚያ አቅፋኝ አለቀሰች።

አባባ ሆጃ የሚባለውን ትኩስ መጠጥ ሲቀዱልኝ አስጎብኚያችንን "ሌሊት ገብርኤልን ስጠራ ነበር በልልኝ" አልኩት። ነገራቸው። ሽማግሌው ሳይገርማቸው ራሳቸውን ነቀነቁና "ጅብሪል" አሉ፤ ሆጃውንም ሞሉልኝ። አጋጣሚ ነው የሚለኝ ሰው አለ፣ ወንድሜ። በየቀኑ ሶላት የሚሰግዱ ሰው ናቸው፣ ያን ቀን ምን የተለየ ነገር አለ ይለኛል። አልከራከረውም። ገደሉ አፋፍ ላይ የተቀመጥኩት እኔ ነኝ።

ታኅሣሥ 18 ከድሬዳዋ በእግር ተነሣሁ። ከ60 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ደንገጎ ላይ ጫማዬ እግሬን ልጦት፣ የማላውቃቸው እናት በነጠላቸው ጫፍ አሰሩልኝ። በማግስቱ ጃንጥላውን አስገባሁ። ለአባባም በአስጎብኚያችን እጅ ጋቢ ላኩላቸው።

እሳቸውም መልስ ላኩብኝ፦ "ሌላ ጊዜ ሌሊት ስትወጣ ትቀስቅሰኝ።"