የቱን እትም ነው ያነበብከው?

በመጽሐፍ ቡድናችን ውስጥ እንደ አሌክሳንደር ዱማ «ዘ ካውንት ኦፍ ሞንቴ ክሪስቶ» ያጨቃጨቀን ልቦለድ የለም። አንዱ ወዳጃችን «ልብ አንጠልጣይ ነው፤ አንዲት ትርፍ ገጽ የለበትም» የሚል ዳሰሳ ጻፈ። ሌላዋ አባላችን ደግሞ መሃሉ ላይ ታክቷት ልትተወው እንደነበር፣ በተለይ ሮም ላይ ታሪኩ እንደፈዘዘባት ጻፈች። እሱ ዳሰሳዋን አንብቦ «የምን ሮም?» ብሎ ጠየቀ።

ነገሩ የተገለጠልን ያኔ ነው። እሱ የያዘው አጠር ተደርጎ የተዘጋጀ እትም ነው። እሷ ያነበበችው 117 ምዕራፍ ያለውን ሙሉውን። ፍራንዝ የሚባለው ወጣት በሞንቴ ክሪስቶ ደሴት፣ ራሱን «መርከበኛው ሲንባድ» ብሎ ከሚጠራ እንግዳ ሰው ጋር ራት በልቶ፣ ሐሺሽ ቀምሶ በሕልም የሚዋኝበት ክፍል እሱ ዘንድ ጭራሽ የለም። የሮሙ ካርኒቫልም፣ ሽፍታው ሉዊጂ ቫምፓም ተቆርጠው ወጥተዋል። ስለዚህ ሁለቱም ልክ ናቸው። እሱ የሚሮጥ መጽሐፍ አነበበ፤ እሷ ቆም እያለ የሚያወጋ መጽሐፍ አነበበች። ሲጨቃጨቁ የከረሙት ስለ ሁለት የተለያዩ መጻሕፍት ነው።

ከዚያ ወዲህ የእኔም አጻጻፍ ተለወጠ። የቆየ ወይም የትርጉም ልቦለድ ላይ ዳሰሳ ስጽፍ፣ ስለ ታሪኩም ሆነ ስለ ገጸ ባህርያቱ ከማንሳቴ በፊት የቱን እንዳነበብኩ እናገራለሁ። ማን ተረጎመው? እትሙ የመቼ ነው? ሙሉ ነው ወይስ የተቆረጠ? ሦስት አጭር ዓረፍተ ነገር ይበቃል። የሚገርመው፣ ይህን ብቻ በማድረጋችን ግማሹ ጭቅጭቃችን ከመነሻው ሞተ። የቀረው ግማሽ ደግሞ እውነተኛ ጭቅጭቅ ሆነ፤ እሱ ደስ ይላል። (ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

ይህ ችግር የኛ ብቻ አይደለም። የሄርማን ሜልቪል «ሞቢ ዲክ» በኦክቶበር 1851 መጀመሪያ የታተመው ለንደን ውስጥ ነው፤ ርዕሱም «ዘ ዌል» ነበር። በቀጣዩ ወር አሜሪካ ውስጥ አሁን በምናውቀው ስሙ ወጣ። የለንደኑ እትም ላይ ግን የመጨረሻዋ አጭር ምዕራፍ የለችም። ተራኪው እስማኤል ከመርከቧ መስጠም እንዴት እንደተረፈ የሚነገረው እሷ ውስጥ ነው። እና አንዳንድ የእንግሊዝ ሐያስያን «ሁሉም ካለቁ ታሪኩን ማን ነው ያወራልን?» እያሉ ሜልቪልን አብጠለጠሉት። ምስኪን! ራሱ ጽፎ የጨረሰውን ነገር አልጻፍክም ተብሎ ተተቸ። (ይህን በመንገሬ መጽሐፉን ያበላሸሁባችሁ እንዳይመስላችሁ። ሰውዬው ከመጀመሪያው ገጽ ጀምሮ እያወራ ነው፤ እንደተረፈማ ግልጽ ነው።)

ደራሲው ራሱ መጽሐፉን የሚቀይርበት ጊዜም አለ። የሜሪ ሼሊ «ፍራንከንስታይን» የደራሲዋ ስም ሳይጠቀስ በ1818 ወጣ። በ1831 ደግሞ እሷው ራሷ አርማ አሳተመችው። በመጀመሪያው ኤልሳቤጥ፣ ፍጡሩን ለሠራው ለዋናው ገጸ ባህርይ ለቪክቶር የአክስቱ ልጅ ናት፤ በኋለኛው ቤተሰቡ ያሳደጋት ወላጅ አልባ ልጅ ሆናለች። የኋለኛው ላይ ዕጣ ፈንታ የሚሉት ነገርም በርታ ይላል። እኔ የ1818ቱን እመርጣለሁ። ቪክቶር «ዕድሌ ነው» እያለ የሚያመልጥበት ቀዳዳ እዚያ ጠበብ ይላል፤ የሠራው ሥራ ራሱ ላይ ይወድቃል።

ወደ ትርጉም ስንመጣ ነገሩ ይወሳሰባል። «ሙሉ» የተባለ ትርጉምም ሙሉ ላይሆን ይችላል። ያው ሞንቴ ክሪስቶ በእንግሊዝኛ ለብዙ ዘመን ሲነበብ የኖረው የተርጓሚው ስም በማይታወቅ የ1846 ትርጉም ነው። ምዕራፎቹ አሉ፤ ግን በዘመኑ ነውር የተባሉ ነገሮች ተለሳልሰው አልፈዋል። የፍራንዝ ሕልም ቀዝቅዟል። የባለ ባንኩ የዳንግላርስ ልጅ ዩጄኒ ለጓደኛዋ ያላት ስሜትም ተድበስብሷል። ሮቢን ባስ በ1996 ለፔንግዊን አዲስ ትርጉም ሲያዘጋጅ ነው እነዚህ ቦታቸውን ያገኙት። ስለዚህ አንድ ሰው «ዱማ ጨዋ ጸሐፊ ነው» ካለኝ መጀመሪያ የምጠይቀው የማንን ትርጉም እንደያዘ ነው።

የሩሲያዎቹ ላይ ደግሞ የኮንስታንስ ጋርኔት ስም ሳይነሳ አይታለፍም። ወደ 70 ቅጽ የሚጠጋ የሩሲያ ሥነ ጽሑፍ ወደ እንግሊዝኛ የመለሰች ሴት ናት። ገጣሚው ጆሴፍ ብሮድስኪ፣ የእንግሊዝኛ አንባቢ ቶልስቶይንና ዶስቶየቭስኪን መለየት የሚያቅተው ሁለቱንም ሳይሆን ጋርኔትን ስለሚያነብ ነው ብሎ ተችቷታል። ትችቱ ይገባኛል። ግን እሷ ባትኖር ስንቱ አንባቢ እነዚያን መጻሕፍት ሳያያቸው ይቀር ነበር? እኔ አንዳንዴ ጭልጥ አድርጋ የምትወስደኝ እሷው ናት።

የመነሻውን ቋንቋ የማያውቅ ሰው ስለ ትርጉም ምን መናገር ይችላል? መጀመሪያ ላይ ሁላችንም «ትርጉሙ ግሩም ነው» ብለን እንዘጋ ነበር። አሁን አንድ ልምምድ አለን። የአንድ ልቦለድ የመጀመሪያ ገጽ በሁለት ተርጓሚዎች እናገኝና ድምፅ አውጥተን እናነባለን። በዶስቶየቭስኪ «ወንጀልና ቅጣት» ሞክረነዋል። በሐምሌ መጀመሪያ፣ ሙቀቱ በበረታበት ምሽት አንድ ወጣት ጣሪያ ሥር ካለች ጠባብ ክፍሉ ይወጣል። የሚያመነታ ይመስል ቀስ እያለ ወደ ድልድዩ ያቀናል። ከዚያ በፊት ግን ደረጃው ላይ የአከራዩን ወጥ ቤት ማለፍ አለበት፤ በሩ ሁልጊዜ ክፍት ነው፤ ዕዳም አለበት። አንደኛው ትርጉም ይህን በረዥም ዓረፍተ ነገር አስኪዶታል። ስታነበው ከልጁ ጋር ታመነታለህ፤ ነጥቡ ጋ እስክትደርስ ትንፋሽህ ያጥራል። ሁለተኛው ቆራርጦታል። ግልጽ ነው፣ ፈጣን ነው፣ ግን ማመንታቱ የለም። ልጁ ዳቦ ሊገዛ የወጣ ነው የሚመስለው። ሩሲያኛ ሳናውቅ ይህን ያህል ማለት ቻልን።

በአማርኛ ትርጉም ላይ የምንፈትሸው ሌላ ነገር አለ፤ ንግግሩ። ሩሲያኛና ፈረንሳይኛ እንደኛው «አንተ»ና «እርስዎ»ን ይለያሉ። እንግሊዝኛ አይለይም። ስለዚህ በእንግሊዝኛ በኩል ዞሮ የመጣ ልቦለድ፣ ሁለት ሰዎች መቼ መከባበሩን ትተው እንደተቀራረቡ አይነግረንም። ተርጓሚው ከሁኔታው አንብቦ መወሰን አለበት። ጎበዝ ተርጓሚ ይህችን ቦታ ሲያገኝ ታውቀዋለህ። ሁለቱ ሲተዋወቁ «እርስዎ» እየተባባሉ ይቆዩና፣ ከሆነች አንዲት ትዕይንት በኋላ «አንቺ» ትመጣለች። ማንም አላስረዳህም፤ ግን የሆነ ነገር እንደተለወጠ ገብቶሃል። ሰነፍ ትርጉም ውስጥ ግን ልዑሉም አሽከሩም ከገጽ እስከ ገጽ «አንተ» ይባባላሉ። እኔ አሁን ዳሰሳዬ ውስጥ ቢያንስ አንድ ንግግር መርጬ ማን ማንን እንዴት እንደሚጠራው አያለሁ።

ተርጓሚው የሠራበት ሁኔታም መጠቀስ አለበት ባይ ነኝ። ነቢይ መኮንን የማርጋሬት ሚቸልን «ጎን ዊዝ ዘ ዊንድ» «ነገም ሌላ ቀን ነው» ብሎ የተረጎመው እስር ቤት ሆኖ፣ በሲጃራ ፓኮ ውስጥ ያለውን ብልጭልጭ ወረቀት እየተጠቀመ ነው። ይህን ሳይነግሩ ስለ ዋናዋ ገጸ ባህርይ ስለ ስካርሌት ውበት ብቻ ሁለት ገጽ መጻፍ እንዴት ይሆናል?

ስለ ንባብ ፍጥነትም ትንሽ ልበል። የቻርልስ ዲከንስ «ግሬት ኤክስፔክቴሽንስ» ከዲሴምበር 1860 እስከ ኦገስት 1861 በየሳምንቱ በመጽሔት የወጣ ነው። እኛም በዚያው ሥርዓት አነበብነው። በሳምንት አንድ ክፍል ብቻ፤ ቀድሞ መሄድ ክልክል። የከበደው አንድ መጽሐፍ በሁለት ቀን የሚጨርሱ ዓይነት ሰዎች ላይ ነበር። ግን ያልጠበቅነው ነገር ታየን። ዲከንስ ትናንሽ ገጸ ባህርያቱን ሁሉ አንዳች የማይረሳ ልማድ ይሰጣቸዋል። ጠበቃው ጃገርስ ደንበኞቹን ሸኝቶ እጁን ይታጠባል፤ ሁልጊዜ። በአንድ ትንፋሽ ሲነበብ መደጋገሙ ያሰለቻል። በሳምንት አንዴ ሲነበብ ግን «አሃ፣ ያ ሰውዬ!» ትላለህ። መደጋገሙ ለሚረሳ አንባቢ የተቀመጠ ምልክት ነው። ስለዚህ «ይደጋግማል» ብሎ ዲከንስን ከመክሰስ በፊት በምን ፍጥነት እንዳነበብከው ብትነግረን ደግ ነው።

መቅድም የሚባለውን ነገር ከመጨረሻ አንብቡት። የቆዩ ልቦለዶች ላይ መቅድም የሚጽፉ ምሁራን ታሪኩን ሁሉም ሰው ያውቀዋል ብለው ስለሚያስቡ፣ ማን እንደሞተ በሁለተኛው አንቀጽ ይነግሯችኋል። የሩሲያ ልቦለድ ከሆነ ደግሞ የስም ዝርዝር በወረቀት ያዙ። «ጦርነትና ሰላም» ከ500 በላይ ገጸ ባህርያት አሉት፤ በዚያ ላይ አንዱ ሰው በሦስት ዓይነት ስም ይጠራል።

አሁን ስለ አስተያየት አሰጣጣችን። «ጎበዝ፣ በርታ» እኛ ዘንድ አይሠራም። የሌላውን ዳሰሳ ያነበበ ሰው፣ ዳሰሳው ያልመለሰውን አንድ ጥያቄ መጠየቅ አለበት። ብዙ ጊዜ ጥሩው ጥያቄ «የት ላይ?» የሚለው ነው። አንዷ አባላችን በካፍካ «ሜታሞርፎሲስ» ላይ «ስለ ብቸኝነት የተጻፈ ድንቅ ሥራ» ብላ ነበር። «የት ላይ ነው ብቸኝነቱ?» ተባለች። ትንሽ ተናደደች፤ ተመልሳ ግን አነበበች። ሁለተኛው ዳሰሳዋ ስለ አንድ ትዕይንት ብቻ ሆነ። እናትና እህቱ፣ አንድ ጠዋት ወደ ግዙፍ ነፍሳት ተለውጦ የነቃውን የግሬጎርን ዕቃ ከክፍሉ ያወጣሉ፤ እንደ ልቡ እንዲንቀሳቀስ ነው ሐሳባቸው። እሱ ግን ሰው እንደነበረ የሚያስታውሱት ነገሮች ሲወጡ አይቶ ይደነግጣል። ግድግዳ ላይ ወዳለችው ፀጉራም ካባ የለበሰች ሴት ሥዕል ወጥቶ በሆዱ ይለጠፍባታል፤ ይህችን እንኳ አልሰጥም ብሎ። ልጅቷ በዚህ ትዕይንት ላይ የጻፈችው፣ ቡድናችን ውስጥ እስካሁን ካነበብኩት ሁሉ ይበልጥብኛል። «ድንቅ» የሚል ቃል አንድም ቦታ የለውም። ካፍካ ራሱ በ1915 መጽሐፉ ሊታተም ሲል ነፍሳቱ ሽፋኑ ላይ እንዳይሣል አሳታሚውን ለምኖ እንደነበርም አክላበታለች። ዛሬ ስንቱ እትም ሽፋኑ ላይ በረሮ እንደሚሥል ታውቃላችሁ።

ኮከብ መስጠት አቁመናል። ከ5 ኮከብ ስንት ይገባዋል ብሎ ለቶልስቶይ ውጤት መስጠት ለእኔ ቀልድ ነው። ሁሉም በዚህ አይስማማም፤ አንዳንዶቹ ዳሰሳ ሳያነቡ ኮከቡን ብቻ ማየት ይናፍቃቸዋል። ይናፍቃቸው።

አሁን ያለነው «ዶን ኪሆቴ» ላይ ነው። የመጀመሪያው ክፍል በ1605፣ ሁለተኛው በ1615 የወጣ ነው። ሰርቫንቴስ ታሪኩን ያገኘሁት ከአረብኛ ጽሑፍ አስተርጉሜ ነው እያለ ያሾፋል፤ ማለትም ራሱን የትርጉም ልቦለድ አስመስሎ ነው የሚቀርበው። ሁለተኛው ክፍል ውስጥ ደግሞ ዶን ኪሆቴና አሽከሩ ሳንቾ፣ ስለ እነሱ የተጻፈው መጽሐፍ ታትሞ አንባቢ ምን እንዳለ ይሰማሉ። ሳምሶን ካራስኮ የሚባል ተማሪ የአንባቢዎችን ቅሬታ ይዘረዝርላቸዋል። ከጉዳዩ ጋር የማይገናኝ ረዥም ተረት መሃል ገብቷል ተብሏል። የሳንቾ አህያም ተሰርቆ ሳለ፣ መገኘቱ ሳይነገር ሳንቾ ተቀምጦበት ይታያል። ሳንቾ ሲጠየቅ ወይ ጸሐፊው ተሳስቷል፣ ወይ አታሚው ነው ያበላሸው ብሎ ያልፈዋል። የእነዚህን ምዕራፎች ዳሰሳ የምጽፈው እኔ ነኝ። ሳንቾ በአታሚው ማሳበቡ አላሳመነኝም፤ ግን ደራሲው ለተቺዎቹ በገጸ ባህርዩ አፍ መልስ መስጠቱን ሳይ፣ ኮከብ መስጠት ባናቆም ኖሮ ለዚህች መልስ ብቻ አንድ እጨምርለት ነበር።