ስልኬን ያበሩልኝ አማትየው ናቸው

አዋላጅ ነኝ። ባለፈው ክረምት ሌሊት ላይ ተደወለልኝ፣ ምጥ የያዛት ሴት አለች፣ አምቡላንሱን መንገድ ላይ ጭቃ ይዞታል፣ በባሬላ ለማምጣት ደግሞ ጊዜ የለም። ከጤና ኤክስቴንሽኗ ጋር በእግራችን ሄድን።

መብራት የለም። አማትየው በስልኬ እያበሩልኝ ነበር፣ ግን "ማርያም ማርያም" ባሉ ቁጥር እጃቸውን ወደ ላይ ሲያነሱ መብራቱ ጣሪያውን ያያል እኔ ጨለማ ውስጥ እቀራለሁ። ልጁ ወጣ፣ አላለቀሰም። ኮሌጅ እያለን የተለማመድነው አሻንጉሊት ላይ ነው፣ አምቡ ባጉ፣ ማለት ላልተነፈሰ ልጅ አየር የምንሰጥበት በእጅ የሚጨመቀው ከረጢት፣ ጠረጴዛው ላይ አጠገባችን ተቀምጦ። እዚህ ባጉ ቦርሳ ውስጥ፣ ቦርሳው በሩ ጋ፣ ያለኝ ደግሞ 1 ደቂቃ ነው፣ እስከዛ ካልተነፈሰ በባግ አየር መስጠት መጀመር አለብኝ። በነጠላ እያደረቅኩ ጀርባውን ሳሸው ጮኸ፣ ተመስገን።

ከዛ ደሙ። ጤና ጣቢያ ቢሆን ደም እንዳይበዛ ኦክሲቶሲን የሚባል መርፌ 10 ዩኒት ጭኗ ላይ ይወጋል፣ ግን እሱ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ካልተቀመጠ ይበላሻል፣ በኪስ ይዘውት የሚዞሩት ነገር አይደለም። ስለዚህ ሆዷን ዳስሼ ሌላ ልጅ እንደሌለ ካየሁ በኋላ ለዛው የሚሆነውን ኪኒን፣ ሚሶፕሮስቶል፣ ሰጠኋት፣ ባለ 200 ማይክሮግራም 3 ፍሬ፣ ፍሪጅ አይፈልግም። ግማሽ ሊትር ካለፈ አደጋ ነው ተብለን ተምረናል፣ እሺ አፈር ወለል ላይ የፈሰሰ ደም በምን ይለካል? መሬቱ ይመጠዋል እኮ!

የሚያበሳጨኝ፣ ስልጠና ላይ ቤት ውስጥ ለምትወልድ ስንጠራ እንዴት እናድርግ ብዬ ስጠይቅ "ቤት ውስጥ መውለድን አናበረታታም" ተባልኩ። እኔም አላበረታታም። ግን ጤና ተቋም የሚወልዱት በ2016 እ.ኤ.አ. 26 በመቶ ነበሩ፣ በ2019 48 በመቶ ደረሱ፣ ትልቅ ለውጥ ነው፣ የቀሩት ግን ያኔም ከግማሽ በላይ ነበሩ እና እነሱ ጋ ስንጠራ ባዶ እጃችንን እንሂድ? በጨለማ፣ መሬት ላይ ተንበርክከን፣ ቦርሳው ርቆ፣ እንደዛ አርጋችሁ አለማምዱን ነው የምለው። የልምድ አዋላጆቹንም ከማባረር አብረው ይቀመጡ፣ ያን ቀን ቀድመው የደረሱት የሰፈሩ የልምድ አዋላጅ ናቸው፣ እኔ ባልደርስ ኖሮ እትብቱን በአሮጌ ምላጭ እንዳይቆርጡ ማን ነግሯቸዋል?

አሁን የግንባር ባትሪ ከራሴ ኪስ ገዝቻለሁ። ያን ሌሊት ገንፎው ደርሶ ሲበላ እኔ እጄ ሆዷ ላይ ነበር፣ ማህፀኗ ጠንከር እስኪልልኝ እያሸሁ፣ ገንፎውን አማትየው አጎረሱኝ።