«ምግብ እምቢ አለች» ብዬ የጻፍኩባት አራስ

ኦክላንድ ካሊፎርኒያ ነርስ ኤይድ (የነርስ ረዳት) ሆኜ ወላዶች ፍሎር ላይ በጀመርኩበት ሰሞን ነው። አንድ ማታ ሺፍት ስገባ ከቻይና ከመጡ ስድስት ወር ያልሞላቸው ቤተሰብ ደረሱኝ፣ አራሷ፣ ባሏ፣ አማቷና የ9 ዓመት ሴት ልጅ። እንደተለመደው በረዶ የሞላ ውሃ አስቀመጥኩላት፣ አልነካችውም። እራት ሰላጣና ቀዝቃዛ ሳንድዊች መጣላት፣ እሱንም እንዳለ መለሰችው። በይ እንግዲህ ሻወር ልውሰድሽ ብዬ ፎጣ ሳነሳ አማቷ እጃቸውን እያወናጨፉ መጡብኝ፣ ሊመቱኝ ትንሽ ነው የቀራቸው። እኔም ቻርት፣ ማለትም የታካሚዋ መዝገብ ላይ ምግብና ፈሳሽ እምቢ ብላለች፣ ገላዋንም አልታጠብም አለች ብዬ ጻፍኩና ወደ ሌላ ክፍል ሄድኩ።

ጠዋት ድብርት ይሆን እንዴ ተብሎ ሶሻል ወርከር ተጠርቷል። ልጅቷ እኔ ላስተርጉም ትላለች፣ ልጅ ደግሞ ድንገተኛ ነገር ካልሆነ በህግ አይፈቀድም። በታብሌት የማንዳሪን አስተርጓሚ ተገኘ፣ አማትየው ዝም። ለካ ደቡብ ቻይና ካለችው ከታይሻን አካባቢ ነው የመጡት፣ ማንዳሪን አይሰሙም፣ ካንቶኒስ የምትችል ሴት ስትገኝ ነው አፋቸው የተፈታው፣ ከዛማ ማን ያስቁማቸው!

ወላድ ወሩን ሙሉ ትቀመጣለች አሉ፣ ቀዝቃዛ አይነካትም፣ ንፋስ አያገኛትም፣ ጸጉሯን አትታጠብም፣ ትኩስ ውሃና ዝንጅብል ያለበት ሾርባ ነው የሚሰጣት። እኔ እዛው ቆሜ መሬት ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። አራስ ቤት ያደግኩ ሰው እኮ ነኝ! እናቴ እህቴን የወለደች ጊዜ መስኮቱ ተደፍኖ፣ ገንፎ በላይ በላዩ አጥሚት እየተጋተች፣ ብርድ እንዳይገባት ምች እንዳይመታት ተብሎ ክርስትና እስኪደርስ 80 ቀን ስትጠበቅ አይቻለሁ። ለአራስ በረዶ የሚያቀርብ ሰው አያቴ ቤት ቢገባ በሙቀጫ ዘነዘና ነበር የሚባረረው። ግን እዚህ አገር ዩኒፎርም ስለብስ ያ ሁሉ ከጭንቅላቴ ወጣ፣ ለምን እንደማትጠጣ አንዴ እንኳን ልጠይቅ አላልኩም።

ለሺፍቱ ኃላፊ ለቻርጅ ነርሷ ነግሬ ቻርቱ ላይ ማስተካከያ ጻፍኩ፣ ፔርሙዝ ሙሉ ትኩስ ውሃ ይዤ ስገባ አራሷ ሁለት ኩባያ ጨለጠችው።

በማግስቱ አማትየው ከቤት በጥቁር ኮምጣጤና በዝንጅብል የተሰራ የአሳማ እግር ይዘው መጡ፣ ለኔም በኩባያ ቀድተው በሁለት እጃቸው ዘረጉልኝ። አሳማ! ጾም ነው ብዬ በምልክት ላስረዳ ሞከርኩ፣ ጭራሽ ጾምም አልነበረም። ሴትዮዋ ኩባያውን አዩት፣ እኔን አዩኝ፣ ከዛ ወደ ልጅቷ ዞረው የሆነ ነገር አሉ። ምን አሉ ስላት እየሳቀች «አያቴ ይቺ ልጅ ምግብ እምቢ አለች፣ ታማለች ወይ አለች» አለችኝ።