ከተቃጠለው አስታ ሥር

በ2011 ዓ.ም. በስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ፣ በግጭ አካባቢ የተነሳው ቃጠሎ ጠፍቶ መሬቱ ከበረደ በኋላ፣ በወቅቱ እሠራበት የነበረ አንድ የተፈጥሮ ጥበቃ ፕሮጀክት የተቃጠለው ቦታ በችግኝ እንዲሸፈን ዕቅድ አውጥቶ ነበር። ጉድጓዱ ክረምቱ ሳይገባ ተቆፍሮ እንዲያልቅ ተወስኗል፤ በጀቱም የተያዘው በሚተከለው ችግኝ ብዛት ልክ ነበር። ቦታውን ልንለካ ስንወጣ በጡረታ የተገለሉ አንድ አዛውንት ስካውት (የፓርክ ጥበቃ ሠራተኛ) መንገድ ይመሩን ነበር።

አዛውንቱ ሜትሩ ገና ሳይዘረጋ አስታ ከተባለው የደጋ ዛፍ አንድ የከሰለ ጉቶ አጠገብ ተንበረከኩና አመዱን በዱላቸው ጫፍ ገለጥ አድርገው፣ «ልጆቼ፣ እስቲ ይችን እዩልኝ» አሉን። ጥቁሩ ቅርፊት ከአፈሩ ጋር በሚገናኝበት ቦታ፣ ከጥፍር የማይበልጡ ለጋ ቡቃያዎች ጉቶውን ዙሪያውን ከበውታል። «አስታ ላዩ ቢነድም ሥሩ አይሞትም። አሁን በዶማ ከቆፈራችሁት ግን ትጨርሱታላችሁ፤ ይልቅ ከብቱንና በጉን አርቁለት» አሉ። አስተባባሪያችን «አባቴ፣ ዕቅዱ እኮ ጸድቋል» ቢላቸውም፣ እሳቸው መልስ ሳይሰጡ ወደሚቀጥለው ጉቶ አለፉ፤ እዚያም ቡቃያ ነበር።

በዚያ ቀን ደጋግሜ ያሰብኩት የፓርኩን የመጀመሪያ ዋርደን (የፓርክ ኃላፊ) ክላይቭ ኒኮልን ነው። እኒህ በዌልስ የተወለዱ ሰው በወጣትነታቸው በሰሜን ዋልታ አካባቢ በምርምር ሥራ፣ በጃፓን ደግሞ በካራቴ ትምህርት ቆይተው፣ እ.ኤ.አ. በ1967 የንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት የስሜንን ፓርክ እንዲያደራጁ ቀጥሯቸው ወደ ኢትዮጵያ መጡ። ዋልያን ከአዳኝ፣ ደኑን ከምሳር ለማዳን ሲታገሉ ቆይተው እ.ኤ.አ. በ1969፣ ማለትም ፓርኩ በሕግ በተቋቋመበት ዓመት፣ የደኑ መመንጠር ልባቸውን ሰብሮት አገሩን ለቀው ሄዱ። እንደ እኔ እንደ እኔ ግን ሰውየውን ትልቅ የሚያደርጋቸው ከዚያ በኋላ የሠሩት ነው።

ኒኮል የጠፋው ተስፋቸው የተመለሰው፣ በትውልድ አገራቸው በአፋን ሸለቆ፣ የድንጋይ ከሰል ማዕድን ያራቆተው ኮረብታ በአካባቢው ሰዎች ጥረት ዳግም ደን ሲለብስ ባዩ ጊዜ እንደሆነ ይናገሩ ነበር። በዚህ ተነሳስተው እ.ኤ.አ. ከ1986 ጀምሮ በጃፓን ናጋኖ ግዛት፣ በኩሮሂሜ፣ ባለቤት አልባ መስሎ የተተወ ደን በራሳቸው ገንዘብ ቁራሽ በቁራሽ እየገዙ ስሙን አፋን አሉት፤ እ.ኤ.አ. በ2002 ደግሞ ደኑን የሚያስተዳድር ድርጅት መሠረቱ። ልብ ሊባል የሚገባው ሥራው በችግኝ ተከላ ብቻ ያልታጠረ መሆኑ ነው፤ ደኑን አብጠርጥሮ ከሚያውቅ የአካባቢው ሰው ጋር እየመከሩ፣ መሬቱን ያፈነውን የቀርከሃ ቁጥቋጦ አስመነጠሩ፣ የተፋፈገውንም ዛፍ ከመካከሉ እየቆረጡ አሳስተው ብርሃን እስከ መሬት እንዲደርስ አደረጉ። ብርሃኑ ሲገባ ለዓመታት ተዳፍኖ የቆየው የዱር አበባ ብቅ አለ። በካራቴ ጥቁር ቀበቶ የታጠቁና በብዙ አገር የዞሩ ሰው፣ ስለ ደኑ አንድ የገጠር ሰው ሲነግራቸው ማዳመጣቸውን ከሁሉ በላይ አከብረዋለሁ።

ይህን ታሪክ ከአዛውንቱ ቃልና ከጉቶዎቹ ፎቶግራፍ ጋር አድርጌ ለስብሰባ አቀረብኩ። ክርክሩ ቀላል አልነበረም፤ የተተከለ ችግኝ ይቆጠራል፣ ያልተቆፈረ መሬት ግን ለሪፖርት አይመችም። በመጨረሻ ዕቅዱ ተከለሰና ችግኙ ከፓርኩ ወሰን ውጪ ሥርም ጉቶም ወዳልቀረበት የተራቆተ ተዳፋት ተወሰደ፤ ለቁፋሮ ከተያዘው ገንዘብም ከፊሉ ከብት እንዳይገባ ለሚጠብቁ ሰዎች አበል ሆነ። አዛውንቱ ሕይወት ያለውን ጉቶ እየለዩ ለወጣቶቹ እንዲያሳዩ ተቀጠሩ።