ጋላፊ መስመር ሁለት ላይ

በ2003 ዓ.ም. አዲስ አበባ፣ ሜክሲኮ አካባቢ፣ የአስመጪዎችን ዕቃ የጉምሩክ ጉዳይ የሚጨርስ አንድ ትንሽ የትራንዚት ቢሮ ውስጥ ጸሐፊ ነበርኩ። ሦስት የውጭ መስመርና ስምንት የውስጥ መስመር ያለው የፓናሶኒክ የስልክ ማዞሪያ ነበረን፤ ስልክ የማነሳው ግን እኔ ብቻ ነኝ። መስመር አንድን የሚያውቁት ትልልቆቹ አስመጪዎች ናቸው። ሁለት ከሹፌሮቹ ሰነድ ጋር በሚሄደው ወረቀት ላይ የታተመው ነው። ሦስትን የያዘው የጅቡቲው ወኪላችን ነበር። የሥራ አስኪያጁ ትእዛዝ አጭር ነው፦ «መስመር አንድ ሲጮህ ሌላውን ሁሉ አቁሚ።»

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ መጀመሪያ የጮኸው ሁለት ነው፤ የደወለው ከጅቡቲ ድንበር፣ ከጋላፊ ኬላ፣ አንድ ሹፌር ነው።

«እህቴ፣ ጋላፊ ነኝ። የኮንቴይነሩ ማሸጊያ ቁጥር ከጉምሩክ ሰነዱ፣ ከቲ ዋኑ ጋር አልገጠመም፣ አላሳልፍ አሉኝ…»

ይህን እንደሰማሁ አንድ ጮኸ። «አንድ ጊዜ ጋሼ» ብዬ ሆልድ አደረግኩትና አንድን አነሳሁ። የመርካቶው ሐጂ ናቸው። «ልጄ፣ ዕቃዬ የት ደረሰ?» እሳቸው ሲጠይቁ ቶሎ አይጨርሱም፤ የባንኩን ጉዳይ፣ የሱቁን ኪራይ፣ የገበያውን መቀዝቀዝ ሁሉ ይነግሩኛል። «አጣርቼ እነግርዎታለሁ» እያልኩ ሳለ ሦስት ጮኸ። የጅቡቲው ወኪል ነው፤ ቸኩሏል። «ቆይቼ እደውላለሁ» ብዬው ወደ ሐጂ ተመለስኩ።

በዚህ ሁሉ መሀል መስመር ሁለትን በዓይኔ እየጠበቅኳት ነበር። አረንጓዴዋ መብራት ብልጭ ድርግም ትላለች። ብልጭ እስካለች ሰውየው አለ ማለት ነው ብዬ ተረጋጋሁ። ከዚያ የቢሮው መብራት ሄደ፤ ማዞሪያው ጠፋ፤ ሁሉም ተቋረጠ።

ሐጂ መልሰው ደወሉ፣ ምክንያቱም መብራት ሲጠፋ መስመር አንድ በአሮጌው ተራ ስልክ በኩል ይሠራል። ሹፌሩ አልደወለም። ቁጥሩን አልያዝኩም። ስሙን አልጠየቅኩም። ከሁሉ የሚያንገበግበኝ ደግሞ «የማን ጭነት ነው?» የምትለዋን ሦስት ቃል አለማለቴ ነው።

የሐጂ ጭነት ነበር።

በዚያች ሩብ ሰዓት ዕቃው የት ደረሰ የሚለው ባለቤቱ፣ ዕቃውን ይዞ የቆመው ሹፌር፣ ቁጥሩን ከጅቡቲ ሊያስተካክል የሚችለው ወኪል፣ ሦስቱም እጄ ላይ ነበሩ። እኔ ግን አንዱን ከሌላው እየለየሁ «ቆዩ» ስል ዋልኩ። መኪናው ጋላፊ ላይ ሁለት ሌሊት አደረ። ጋላፊን የሚያውቅ ሙቀቱንም ያውቀዋል።

የመኪናው ባለቤት የመቆሚያ ሒሳብ ሲልክ ሥራ አስኪያጁ ሠራተኛውን ሁሉ ሰበሰበ። «ስልክ ማንሳት ያቃታት ልጅ ይዘን ነው የምንሠራው» አለ። «መብራት ሄዶ ነው» አልኩ እንጂ ሌላ አልተናገርኩም። የመስመር አንድ ትእዛዝ የማን እንደሆነ በዚያ ክፍል ውስጥ የማያውቅ ሰው አልነበረም፤ አንድም ሰው ግን ትንፍሽ አላለም። ይህ እስከ ዛሬ አልወጣልኝም።

ሹፌሩ ራሱ ቢሮ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ሸበት ያለ ሰው ነው፤ ፊቱን ፀሐይ አጥቁሮታል። ይጮህብኛል ብዬ ስጠብቅ ከሸሚዙ ኪስ አንዲት የተጣጠፈች ነገር አውጥቶ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠ። ባለ 25 ብር የስልክ ካርድ። ቁጥሩ የተፋቀበት ላይ ግራጫው ብናኝ አልረገፈም፤ በጥፍሩ ፍቆት ኖሮ ወረቀቱ ጫፉ ላይ ተላጧል።

«ይቺን ለባለመኪናው ስደውል አብዛኛዋ አለቀች» አለ። «የቀረችውን ላንቺ ነው ያቆየኋት።»

«ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ መብራት ሄዶብን ነው።»

«ሰባት ደቂቃ ጠበቅኩሽ፣ ሰዓቴን እያየሁ። ጢት ጢት እያለ ሒሳቡ አለቀ። መብራት ቢሄድ እንኳ ጢት ጢቱ ራሱ ይቆም ነበር።»

መልስ አጣሁ። እሱ ሂሳቡ አልቆ ከተቋረጠ በኋላም የማዞሪያችን አረንጓዴ መብራት ብልጭ ማለቷን አላቆመችም ነበር። እንዲህ ባለ መስመር ደዋዩ ቢዘጋም ሆልዱ እንደሚቆይ ያኔ አላውቅም። ማንም የሌለባትን መብራት እያየሁ ነው የተረጋጋሁት። በስብሰባው ላይ የሰጠሁት ምክንያትም ልክ እንዳልነበረ ያወቅኩት ያኔ ነው። ሄጄ ለሥራ አስኪያጁ አልነገርኩትም፤ ለሹፌሩ ግን እዚያው አመንኩ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ስልክ ሳነሳ በመጀመሪያ የምለው «ቁጥርዎን ይስጡኝ፣ ከተቋረጠ እኔ እደውላለሁ» ሆነ። ቀጥዬ የማን ጭነት እንደሆነ እጠይቃለሁ። ከሩቅ የደወለውን አስቀድማለሁ፤ መስመር አንድ ይጩህ። ሐጂ ቁጥራቸውን ስጠይቃቸው ተቀየሙ፤ «ስንት ዓመት ደንበኛ ሆኜ አታውቂኝም?» አሉኝ። ሌላ ችግርም ነበር፦ ወደ ሞባይል የሚያወጣው መስመር በሥራ አስኪያጁ የሚስጥር ቁጥር ተቆልፏል። እንዲከፍትልኝ ሁለቴ ለመንኩት፣ ወጪ ነው አለ። ስለዚህ ሹፌሮቹን መልሼ የምደውልላቸው በራሴ ሞባይል፣ በራሴ ካርድ ነበር።

ያ ሹፌር ከዚያ በኋላ ብዙ ጊዜ ደውሏል፣ ከጋላፊም ከሚሌም። «ሃሎ» ስል ሰላምታውን አስቀርቶ በመጀመሪያ ቁጥሩን ይነግረኛል፤ ጽፌ እስክጨርስ ጠብቆ ነው «እንዴት ነሽ እህቴ» የሚለኝ።