መጀመሪያ ወሩን፣ ከዚያ ደሴቱን

የመጀመሪያውን የስኩባ ዳይቪንግ (የአየር ሲሊንደር ተሸክሞ ባሕር ውስጥ የመጥለቅ) ጉዞዬን የመረጥኩት በፎቶ ነው። አንድ ማንታ ሬይ የሚባል ትልቅ ጠፍጣፋ ዓሣ ክንፉን ዘርግቶ፣ አፉን ከፍቶ ወደ ካሜራው ይመጣል። ከፎቶው ሥር የተጻፈው ቦታ በማልዲቭስ፣ ባአ በሚባለው አቶል (ቀለበት የመሰለ የደሴቶች ስብስብ) ውስጥ ያለችው የሃኒፋሩ የባሕር ወሽመጥ ነበረች። ሁለቴ አላሰብኩም፤ ትኬት ቆረጥኩ። ወሩ መጋቢት ነበር።

አንድ የሚያውቅ ሰው ብጠይቅ ኖሮ ይስቅብኝ ነበር። ማንታዎቹ ወደ ሃኒፋሩ የሚጎርፉት ከሰኔ እስከ ኅዳር ገደማ፣ ከደቡብ ምዕራብ የሚነፍሰው የሞንሱን ንፋስ በሚበረታበት ወቅት ነው። ያኔ ውሃው ፕላንክተን የሚባሉትን ደቃቅ ፍጥረታት እየገፋ እዚያች ትንሽ ቦታ ውስጥ ያጠራቅማቸዋል። ማንታዎቹ ደግሞ ተሰልፈው ይመገባሉ። በመጋቢት ማዕዱ የለም፤ እንግዶቹም የሉም። የባሰው ደግሞ ሃኒፋሩ ውስጥ በሲሊንደር መጥለቅ ክልክል መሆኑ ነው። የሚፈቀደው በስኖርክል፣ ማለትም ውሃው ላይ ተንሳፍፎ በሚተነፈስበት ቱቦ ብቻ ነው። ይህን ሁሉ የሰማሁት ከደረስኩ በኋላ ነው። ጥፋቱ የማንም አይደለም፣ የራሴ ነው።

እንደ ማካካሻ ሌላ ቦታ ወሰዱን። ከውቅያኖሱ ወደ አቶሉ ውስጥ ውሃ የሚገባበት ጠባብ በር ነው። የነበረኝ ፈቃድ እስከ 18 ሜትር የሚያስጠልቅ የጀማሪ ወረቀት ነው። ከስልጠናው ወዲህ የጠለቅኩት ስድስት ጊዜ ብቻ ነበር። ወርደን የኮራሉ (ጥቃቅን የባሕር እንስሳት የሚሠሩት ድንጋይ) ጠርዝ ላይ ስንደርስ አረፋዬ ወደ ላይ መውጣቱን ትቶ ወደ ጎን መሄድ ጀመረ። ያን ጊዜ ነው ውሃው ምን ያህል ጉልበት እንዳለው የገባኝ። አንድ ድንጋይ ላይ ተጣበቅኩ። መሪያችን ግራጫ ሻርኮችን እያሳየን ነበር፤ እኔ ግን ዓይኔን ከአየር መለኪያው ላይ መንቀል አልቻልኩም። ሲሊንደሩ በ200 ባር (የግፊት መለኪያ ነው) ተሞልቶ ነው የወረድኩት። በ19ኛው ደቂቃ መርፌው 70 ላይ ነበር። መሪው አየኝና እጄን ይዞ ከድንጋዩ አላቀቀኝ። ለጥንቃቄ 5 ሜትር ላይ 3 ደቂቃ ቆየንና ወጣን። ጀልባዋ በጣም ሩቅ ነበረች።

ማታ ቁጭ ብዬ ሒሳቡን ሠራሁት። 20 ሜትር ላይ ግፊቱ ከውሃው ወለል 3 እጥፍ ነው፤ ስለዚህ እያንዳንዱ ትንፋሽ 3 እጥፍ አየር ይበላል። በዚያ ላይ ፍርሃትና ትግል ሲጨመርበት ሲሊንደሩ ምን ያድርግ? ቦታው መጥፎ አልነበረም። ብዙ ጠላቂ ዕድሜ ልኩን የሚመኘው ዓይነት ነው። ለእኔ ነበር ያልሆነው።

ለሁለተኛው ጉዞ ቦናየርን መረጥኩ፣ ካሪቢያን። «ምን ትልቅ እንስሳ አለ?» ሲሉኝ መልስ አልነበረኝም። የሄድኩት ለእንስሳ አልነበረም። እዚያ መጥለቂያ ቦታዎቹ መንገድ ዳር በቢጫ ድንጋይ ምልክት ተደርጎባቸዋል። ሲሊንደሩን ትሸከምና ከባሕሩ ዳርቻ በእግርህ ትገባለህ፤ ኮራሉ ቅርብ ነው። ከእ.ኤ.አ. 1979 ጀምሮ ባሕሩ እስከ 60 ሜትር ጥልቀት የተጠበቀ ፓርክ ነው፣ ያስታውቃልም። ማንም አያጣድፍህም። ከአሸዋው አንድ ክንድ ከፍ ብዬ፣ ሳልወርድ ሳልወጣ፣ በትንፋሼ ብቻ መቆም የተማርኩት እዚያ ነው። በሳምንቱ መጨረሻ አንዱ ሲሊንደር ከአንድ ሰዓት በላይ ቆየልኝ። ትንሽ የባሕር ፈረስም አየሁ፤ ጅራቷን ስፖንጅ ላይ ጠምጥማ እኔን ከቁብ አልቆጠረችኝም።

ከዚያ በልበ ሙሉነት ወደ ኢንዶኔዢያው ኮሞዶ ሄድኩ። ለጠንካራው ውሃ ተዘጋጅቻለሁ። ያልተዘጋጀሁት ለብርዱ ነው። ካርታው «ሞቃታማ» ይላል፤ በሰሜኑ በኩልም እውነት ነው፣ እጄ ላይ የማስረው የጠላቂ ኮምፒውተሬ 28 ዲግሪ ያሳይ ነበር። ወደ ደቡብ ስንወርድ ግን ከጥልቁ የሚወጣው ቀዝቃዛ ውሃ 22 አደረሰው። ብዙ አይመስልም። ነገር ግን ውሃ የሰውነትን ሙቀት ከአየር ወደ 25 እጥፍ በሚጠጋ ፍጥነት ይነጥቃል። 3 ሚሊ ሜትር ውፍረት ባለው ዌትሱት (የጠላቂ የላስቲክ ልብስ) ጥርሴ እየተንቀጫቀጨ፣ አፌ ላይ ያለውን ላስቲክ ላኝከው ነበር። በጣም የገረመኝ ነገር፣ የኮራሉና የዓሣው ብዛት የሚገርመው በዚያው በብርዱ በኩል ነበር። ቀዝቃዛው ውሃ ምግብ ይዞ ይመጣል። ጥርት ያለ ውሃና ብዙ እንስሳ ብዙ ጊዜ አንድ ላይ አይገኙም፤ አንዱን መምረጥ አለብህ።

አሁን የምጀምረው የሥራ ዕረፍት ከማገኝበት ወር ነው። ከዚያ በዚያ ወር የማይሆኑትን ቦታዎች እሰርዛለሁ። የታይላንድ ሲሚላን ደሴቶች ከግንቦት መጀመሪያ አካባቢ እስከ ጥቅምት መጀመሪያ ዝግ ናቸው። በካሪቢያን የአውሎ ነፋሱ ወቅት በፈረንጆቹ ከጁን 1 እስከ ኖቬምበር 30 ነው፤ ቦናየር ግን ከዋናው መንገዱ በስተደቡብ ስለሆነች ብዙ ጊዜ ትተርፋለች። የኢንዶኔዢያው ራጃ አምፓት ከጥቅምት እስከ ሚያዝያ ይሻላል። እንዲህ እንዲህ እያልኩ ስሰርዝ ሁለት ሦስት ቦታ ብቻ ይቀራል።

ለቀሩት ቦታዎች እጽፍላቸዋለሁ። አንድ መሪ ስንት ሰው ይይዛል? ጀልባው ላይ ኦክስጅን አለ? በግፊት ለውጥ የሚታመም ጠላቂ የሚታከምበት ቅርቡ የግፊት ሕክምና ክፍል የት ነው? ፎቶው መቼ ነው የተነሳው? ይህን የምጠይቀው በከንቱ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1998 እና በ2016 ባሕሩ ከልክ በላይ ሲሞቅ የማልዲቭስ ኮራል ክፉኛ ነጥቷል፤ ፎቶው ከዚያ በፊት የተነሳ ሊሆን ይችላል። ከሁሉ የምወደው ጥያቄ ግን «በዚህ ወር ምንድን ነው የማላየው?» የሚለው ነው። «ሁሉንም ታያለህ» ብሎ የመለሰልኝን እተወዋለሁ።

የመመለሻ በረራውንም ቀድሜ አያለሁ። ለብዙ ቀን ተደጋግሞ ከተጠለቀ በኋላ ከመብረር በፊት ቢያንስ 18 ሰዓት መጠበቅ ያስፈልጋል። ስለዚህ የመጨረሻው ቀን የመጥለቂያ ቀን አይደለም። ኮሞዶ ላይ ይህን ረስቼ የከፈልኩበት አንድ ቀን ጀልባ ላይ ተቀምጬ አለፈ።

ነሐሴ ላይ ሃኒፋሩ እመለሳለሁ። ሲሊንደር የለም፣ መነጽርና ስኖርክል ብቻ። ዝናብ ይኖራል ብለውኛል።